መኪናው የት ያድራል?



በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶክተር ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ከእንግዲህ ወደ ኢትዮጵያ እንደማይገባ አስታወቁ። ቀድሞ መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው የሚጠይቀው የታወቀ ነበር፤ ሞተሩ ተከፍቶ ያውቃል ወይ፣ ስንት ሲሲ ነው፣ ካምቢዮው ማንዋል ነው ወይስ አውቶማቲክ፣ ቪትዝ ይሻላል ወይስ ያሪስ። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ አጎት፣ ጎረቤት ወይም የሰፈር መካኒክ በየቤቱ አይጠፋም። ስለ ኪሎዋት ሰዓት፣ ስለ ባትሪ ዓይነትና ስለ ቻርጀር መሰኪያ ግን የሚያማክር ዘመድ ያለው ቤተሰብ ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው በዕድሜ ዘመኑ ትልቁን ገንዘብ የሚያወጣው በማያውቀው ዕቃ ላይ፣ ሻጩ የነገረውን ብቻ ይዞ ነው።

እገዳው በአንድ ቀን የመጣ አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ለኤሌክትሪክ መኪኖች ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ሱር ታክስና ኤክሳይዝ ታክስ ተነሳላቸው። የጉምሩክ ቀረጡም ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠሙት 5 በመቶ ሲሆን፣ ተበትነው መጥተው እዚሁ የሚገጣጠሙት ከቀረጥ ነፃ ሆኑ። የኃይሌ ገብረሥላሴ ማራቶን ሞተር ሂዩንዳይ አዮኒክን አገር ውስጥ መገጣጠም የጀመረው ከዚያም ቀድሞ ነው። ከዚያ በኋላ ቢዋይዲ ሲጋል፣ ዶልፊንና ዩዋን ፕላስ፣ ፎልክስቫገን አይዲ 4 እና አይዲ 6፣ ቶዮታ ቢዚ4ኤክስ፣ ሌሎችም ብዙ የቻይና ስሞች በየመሸጫው ተደረደሩ።

መኪና የሚገዛ ቤተሰብ እነዚህ መኪኖች ፊት ሲቆም ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በአንድ ሙሌት ይህን ያህል ይሄዳል ተብሎ መስታወቱ ላይ በተለጠፈው የኪሎሜትር ቁጥር ላይ ነው። የዚህ ንግግር መነሻ ግን ሌላ ነው። ቤተሰቡ ከቤቱ ሳይወጣ በቅድሚያ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ መኪናው የት ያድራል የሚለው ነው። የባትሪው መጠንም፣ የመኪናው ዓይነትም፣ የብድሩ ልክም የሚወሰነው ከዚያ ተነስቶ ነው።

በግቢ ውስጥ የራሱ ቆጣሪ ላለው ቤተሰብ ነገሩ ቀላል ነው። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ብዙውን ጊዜ ከተራ ሶኬት 10 አምፔር ያህል ይወስዳል። በ220 ቮልት ሲሰላ 2.2 ኪሎዋት ማለት ነው። ማታ 3 ሰዓት ተሰክቶ ጧት 12 ሰዓት ቢነቀል፣ የሚባክነው ተቀንሶ 18 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ባትሪው ውስጥ ይገባል። ይህ አንድ አነስተኛ መኪናን በከተማ ውስጥ ከ120 ኪሎሜትር በላይ ያስኬዳል። ከሲኤምሲ ሜክሲኮ ደርሶ ለሚመለስ፣ በመሃል ልጆች ትምህርት ቤት ለሚያደርስ ሰው ከበቂ በላይ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር መግዛት ለብዙ ቤት አስፈላጊ አይደለም፤ የሚጠይቀው 32 አምፔር ደግሞ ያረጀ የቤት መስመር የሚችለው አይደለም።

አስተማማኙ መለኪያ እያንዳንዱ ቤት የሚያውቀው የእንጀራ ምጣድ ነው። ኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። በ16 አምፔር ኃይል የሚሞላ መኪና ማለት ሌሊቱን ሙሉ የተጣደ ምጣድ ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ምጣዱ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥራውን ጨርሶ ይነቀላል፤ መኪናው ግን አሥር ሰዓት ይቆያል። ስለዚህ ምጣዱና መኪናው በአንድ መስመር ላይ ከሆኑ እንጀራ በሚጋገርበት ምሽት ብሬከሩ ይወርዳል። ብሬከሩ ባይወርድ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሽቦው ይግላል። ሶኬቱን ቀርቦ ማየት ነው። ነጩ ፕላስቲክ በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ቡናማ ከሆነ፣ ወይም ሲነቀል መሰኪያው እጅ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ያ ሶኬት ለመኪና አይሆንም። ከመግዛት በፊት ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ከቆጣሪው ቀጥታ የሚመጣ፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት ገመድ ያለው መስመር ማዘርጋት ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ወጪ ነው። የመሬት ገመድ የሌለበት ሶኬት ላይ ብዙ ቻርጀሮች ቀይ መብራት አሳይተው ሥራ እምቢ ይላሉ፤ አንዳንዱ ገዢ መኪናው ተበላሽቷል ብሎ ወደ ሻጩ የሚሮጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ኮንዶሚኒየም ላይ ነገሩ ይከብዳል። መኪናው ግቢው ውስጥ፣ ቆጣሪው ምድር ቤት፣ ሶኬቱ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከበረንዳ ቁልቁል የተዘረጋ ማራዘሚያ በየብሎኩ ይታያል። ይህ ልማድ ሊቀር ይገባዋል። በተለይ ተጠቅልሎ የተተወ ማራዘሚያ የሚፈጠረውን ሙቀት ማስወጫ አያገኝም፤ እየቀለጠ ይሄዳል። ክረምት ሲሆን ደግሞ ማያያዣው ዝናብ ይመታዋል። ትክክለኛው መንገድ ከነዋሪዎች ማኅበሩ ጋር ተነጋግሮ ከራስ ቆጣሪ እስከ ማቆሚያው ድረስ በቱቦ ውስጥ የተቀበረ መስመር ማውረድ፣ ማቆሚያውም የታወቀ እንዲሆን ማስወሰን ነው። ማኅበሩ እምቢ ካለ፣ ቤተሰቡ ያንን እምቢታ የመኪናው ዋጋ አንድ ክፍል አድርጎ ሊቆጥረው ይገባል። ሕይወቱን በሕዝብ ቻርጀር ላይ ሊመሠርት ነውና።

የሕዝብ ቻርጀር እየተስፋፋ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም አዲስ አበባ ውስጥ ፈጣን የኃይል መሙያ ጣቢያዎችን ከፍቷል፤ ክፍያው በቴሌብር ነው። የግል ጣቢያዎችም አሉ። ነገር ግን በሳምንት ሁለቴ ሄዶ ተሰልፎ የሚሞላ ሰው ቤቱ ከሚሞላው ሰው የተለየ መኪና ያስፈልገዋል። ቤቱ ለሚሞላ ትንሽ ባትሪ ይበቃዋል፤ በየሌሊቱ ይተካለታልና። በጣቢያ ለሚኖር ግን ተለቅ ያለ ባትሪና በፍጥነት የሚሞላ መኪና ይሻለዋል። የቤንዚን ዘመን ልማድ ይህንን ልዩነት አያሳይም፤ ማንም ቤቱ ማደያ አልነበረውምና።

አሁን ወደ ኪሎሜትሩ ቁጥር እንመለስ። አብዛኞቹ መኪኖች ለቻይና ገበያ የተሠሩ ስለሆኑ የተለጠፈው ቁጥር የሚለካው ሲኤልቲሲ በሚባለው የቻይና መለኪያ ነው። በዚህ ፈተና አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎሜትር ገደማ ነው። የአውሮፓው ደብሊውኤልቲፒ አማካይ 46 ይደርሳል። ውጤቱን ለማየት ዩዋን ፕላስን መውሰድ ይበቃል። 60.48 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለው ይህ መኪና ቻይና ውስጥ 510 ኪሎሜትር ይሄዳል ተብሎ ይሸጣል። ያው መኪና አቶ 3 ተብሎ አውሮፓ ሲገባ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው 420 ነው። ባትሪው አንድ ነው፣ ሞተሩ አንድ ነው፤ የጠፋው 90 ኪሎሜትር የፈተናው ልዩነት ነው። ሻጩ ዋሽቷል ማለት አይደለም። በመገናኛ መጨናነቅ ውስጥ ለሚውል ሰው የቻይናው ቁጥር ብዙም ሩቅ አይሆንም፤ ሲቆም ሞተሩ ኃይል አይበላም፣ ፍሬን ሲይዝ መልሶ ይሞላልና። በአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ በ110 የሚነዳ ግን ከአውሮፓው ቁጥርም በታች ሊወርድ እንደሚችል ማወቅ አለበት። በዚያ ፍጥነት አየሩን ለመግፋት የሚወጣው ኃይል ይበዛል።

ቁጥሩ የማይነግረው ሌላው ነገር ዳገት ነው፤ በኢትዮጵያ ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ ቆሞ ዓባይን ያየ ሰው ያውቀዋል። ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ወደ 1,400 ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት አለ፤ ከዚያ ወደ ደጀን ያንኑ ያህል መውጣት ነው። ከነተሳፋሪው 2 ቶን የሚመዝን መኪናን 1,400 ሜትር ከፍ ለማድረግ በስሌት 7.6 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ በሞተርና በባትሪ የሚባክነው ሲጨመር ወደ 9 ይጠጋል። ይህ መንገዱ ራሱ በሚጠይቀው ላይ የሚጨመር ነው። በትንሽ ባትሪ ላይ ሲታይ የባትሪው አንድ አራተኛ በአንድ ዳገት አለቀ ማለት ነው። ሲወርድ መኪናው ሞተሩን ጀነሬተር አድርጎ ከዚያ ውስጥ ብዙውን ይመልሳል፤ ፍሬን የሚያቃጥለውን ያን ቁልቁለት ፍሬን ሳይነኩ መውረድ ይቻላል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚመለሰውን ኃይል የሚቀበልበት ቦታ የለውም። ከእንጦጦ አካባቢ ጧት መቶ በመቶ ሞልቶ ቁልቁል የሚወርድ ሰው መኪናው እንደወትሮው እንደማይዝለት ይሰማዋል። ብልሽት አይደለም፤ እግሩን ወደ ፍሬኑ ማቅረብ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ አንድ ቤት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ ቤተሰብ እናስብ። አያት ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆች። የባልየው እናት ደብረ ብርሃን ናቸው፤ ለሕክምና ክትትል በየሁለት ወሩ አዲስ አበባ ይመጣሉ። ባልየው ያየው ሲጋል ነው። በዋጋው ይቀላል፤ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለው ዓይነት በቻይና መለኪያ 405 ኪሎሜትር ይላል። ከአያት በለገጣፎ፣ በሰንዳፋ፣ በሸኖ አድርጎ ደብረ ብርሃን ለመድረስ ይበቃዋል። ሚስት ግን የኋላ በሩን ከፍታ መቀመጫውን ስትቆጥር ለቻይና ገበያ የወጣው ሲጋል ለአራት ሰው የተሠራ ሆኖ ታገኘዋለች። ከኋላ ሁለት ቀበቶ፣ ሁለት መቀመጫ። ለዕለት ኑሯቸው ልክክ ያለ መኪና እናት በሚመጡበት ቀን አንድ ልጅ ያስቀራል።

ዶልፊንን ቢያዩስ? 44.9 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ፣ አምስት መቀመጫ። ከመሐል ከተማ ቢነሱ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎሜትር ነው። በ80 እየተነዳ በ100 ኪሎሜትር 14 ኪሎዋት ሰዓት ቢፈጅ 18 ይሆናል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 500 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለችና ለዳገቱ 2 ተኩል ይጨመር፤ ሲደርሱ ከባትሪው ግማሹ አልቋል። ሲመለሱ ቁልቁለቱ ስለሚያግዝ ከ16 እስከ 17 ይበቃል። በወረቀት ሲታይ ደርሶ መልሱ ሳይሞላ ያልቃል፤ የሚተርፈው ግን ከባትሪው ከአምስት አንድ እጅ በታች ነው። ዝናብ፣ የፊት ለፊት ነፋስ፣ ለገጣፎ ላይ የሚገጥም የተዘጋ መንገድ ሲታሰብ ይህ ትርፍ ትንሽ ነው። መፍትሔው ግን ሌላ ሚሊዮን ብር ጨምሮ ትልቅ ባትሪ መግዛት አይደለም። እናት ቤት ለአንድ ሌሊት የሚሰካበት፣ የመሬት ገመድ ያለው አንድ ሶኬት ማስገጠም ነው። ሌሊቱን 18 ኪሎዋት ሰዓት ይገባበታል፤ ልጅም እናቱን አንድ ሌሊት አድሮ ይጠይቃል።

ከዚያ በፊት ግን እናትን አስቀምጦ ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ቤተሰብ ይህን አያደርግም። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ከወለሉ ሥር የተነጠፈ ስለሆነ በብዙዎቹ ሞዴሎች የኋላው ወለል ከፍ ይላል፤ ተቀማጩ ጉልበቱን ሽቅብ አጥፎ ነው የሚቀመጠው። ምራት «እማማ፣ ተመቸዎት?» ብላ ስትጠይቅ አንዲት ጉልበታቸውን የሚያማቸው አሮጊት «ጉልበቴ ሽቅብ ወጣብኝ ልጄ፤ ከፊት አድርጊኝ» ካሉ፣ ያ በሻጩ ወረቀት ላይ ከተጻፈው የፈረስ ጉልበት የበለጠ መረጃ ነው። የቤቱ ሰው ሁሉ በየቦታው ተቀምጦ፣ ሰፈሩ ድረስ፣ በኮብልስቶኑ ላይ፣ በግቢው መግቢያ ጉብታ ላይ ተነድቶ መታየት አለበት። ባትሪው ሆዱ ላይ ያለ መኪና ሆዱን እየፈተገ የሚገባበት ግቢ ካለ፣ ወይ ግቢው ይስተካከላል ወይ ሌላ መኪና ይፈለጋል።

ሰፊ ቤተሰብ ያላቸው ሰዎች አይዲ 6ን የሚወዱት በምክንያት ነው። ባለ ሦስት ረድፍ ነው፤ ለልጅም ለዘመድም ይበቃል። ፎልክስቫገን ይህን ሞዴል እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ለቻይና ብቻ ነው፤ አውሮፓም አሜሪካም አልሸጠውም። ስለዚህ ጀርመን የሚኖር ወንድም መለዋወጫ እልካለሁ ቢል ብዙውን የአካል ክፍል እዚያ አያገኘውም፤ ምንጩ ቻይና ነው። የስክሪኑ ጽሑፍም ቻይንኛ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። አንዲት እናት የማስጠንቀቂያ ምልክት በርቶ ምን እንደሚል ማንበብ ካልቻለች መኪናው የሷ አልሆነም። ቋንቋው መቀየሩን ሻጩ «ይቀየራል» በማለት ሳይሆን ቀይሮ በማሳየት ያረጋግጥ።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው ወይም ተመላሽ ይዞት የሚመጣው ቴስላ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። የአሜሪካው መሰኪያ ሌላ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የሚበዛው ደግሞ ጂቢቲ የሚባለው የቻይናው መሰኪያ ነው። ማገናኛ አስማሚ ካልተገኘለት ፈጣን ጣቢያ ደርሶ ገመዱን እያየ ይመለሳል።

የባትሪው ዓይነት ሁለት ነው ማለት ይቻላል። አንደኛው ሊትየም አይረን ፎስፌት ይባላል፤ ቢዋይዲ እ.ኤ.አ. በ2020 ያስተዋወቀው ብሌድ ባትሪ ከዚህ ወገን ነው። ሙቀት ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ተሞልቶ ይፈሳል፣ በየጊዜው መቶ በመቶ መሙላትም ያን ያህል አይጎዳውም፤ እንዲያውም የመኪናው የባትሪ መለኪያ እንዳይሳሳት ይመከራል። ሁለተኛው ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት ሲሆን በክብደቱ ልክ ብዙ ኃይል ይይዛል፤ ለዕለት ሥራ ግን 80 በመቶ ላይ ማቆም ዕድሜውን ያረዝመዋል። ለአብዛኛው የኢትዮጵያ ቤተሰብ የመጀመሪያው ይመረጣል። የአዲስ አበባ አየር ለባትሪ ምቹ ነው፤ ብርዱም ሙቀቱም ልከኛ ነው። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ የሚኖር ግን ባትሪው በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ መሆኑን ሳያረጋግጥ መግዛት የለበትም። ኒሳን ሊፍ ፈሳሽ ማቀዝቀዣ አልነበረውም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በሞቃቷ የአሜሪካ ግዛት በአሪዞና ያሉ ባለቤቶች መኪኖቻቸው ገና አዲስ ሳሉ አቅማቸው ሲወርድ አይተው ኩባንያውን ፍርድ ቤት አቁመውታል።

ገንዘቡስ? በጥር 2017 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ በሊትር ከ100 ብር አልፎ ነበር። በ100 ኪሎሜትር 6 ሊትር የሚጠጣ ቪትዝ በዚያ ዋጋ ከ600 ብር በላይ ያወጣል። ኤሌክትሪክ መኪና ለዚያው መንገድ የሚባክነውን ጨምሮ 17 ኪሎዋት ሰዓት ቢፈልግ፣ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 10 ብር ነው ብለን ብናስብ እንኳ 170 ብር ነው። በዓመት 10,000 ኪሎሜትር ለሚነዳ ቤተሰብ ቁጠባው ከ40,000 ብር ይበልጣል፤ የዘይት ለውጥና የሻማ ወጪም የለም። ይህ መልካም ዜና ነው፤ ግን ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ቁጠባ አንድ ሚሊዮን ብር ለመመለስ ከ20 ዓመት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ በዓመት ሁለቴ ለሚሄዱበት ሩቅ መንገድ ሲባል አንድ ሚሊዮን ብር ተጨምሮበት የሚገዛ ትልቅ ባትሪ ገንዘቡን አይመልስም፤ ለነዚያ ሁለት ጉዞዎች መኪና መከራየት ወይም በአውቶቡስ መሄድ ይረክሳል። ብድር የሚወስድ ቤተሰብ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ከተለወጠ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ከዶላር ጋር እንደሚሄድ ማሰብ አለበት። ለወርሃዊ ክፍያ የመጨረሻ አቅሙን የሰጠ ሰው የፊት መብራት ሲሰበርበት መኪናውን ያቆመዋል።

ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ከሊብሬው እኩል የሚታየው ሰነድ የባትሪው የጤና ንባብ ነው። በኮምፒውተር ተያይዞ በመቶኛ ይነበባል። ብዙ አምራቾች 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎሜትር ድረስ አቅሙ ከ70 በመቶ በታች ከወረደ ባትሪውን እንቀይራለን ይላሉ፤ ይህ ዋስትና ግን መኪናውን በሌላ አገር ገዝቶ ላመጣ ነጋዴ ደንበኛ ላይደርስ ይችላል። ሻጩ «ዋስትና አለው» ሲል፣ ዋስትናውን የሰጠው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ጋራዥ እንደሚፈጸም፣ ምን ምን እንደማይሸፍን በውሉ ላይ ይስፈር። መኪናው ሲበላሽ በገመድ ሳይጎተት በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ እንደሚሄድ፣ ያንን ወጪ ኢንሹራንሱ ይሸፍን እንደሆነም አስቀድሞ ይጠየቅ። ተንቀሳቃሽ ቻርጀሩ፣ ሁለተኛው ቁልፍና የጎማ ማስፈቻው በርክክቡ ዝርዝር ውስጥ በስማቸው ይጻፉ። ባልና ሚስትም ሁለቱም ውሉን አንብበው፣ ሁለቱም ነድተውት፣ ሁለቱም በራሳቸው እጅ አንድ ጊዜ ሰክተው ነቅለው ካዩ በኋላ ቀብዱ ይከፈል።